ቴምፖ ወይስ ፔሪዮዴት? ሴሉሎስን ኦክሲዳይዝ የማድረግ ሁለት መንገዶች

ሴሉሎስ፣ የእጽዋት ክር የተሠራበት የግሉኮስ ሰንሰለት፣ ግትር ነው፤ በውኃ አይሟሟም፣ ከሌላ ነገር ጋርም በቀላሉ አይዋሃድም። ኦክሲዳይዝ ሲደረግ (ኤሌክትሮን ሲነጠቅ) ግን ጠባዩ ይለወጣል። ለዚህ ሥራ በሚውሉት ሁለት ኬሚካሎች፣ በቴምፖና በፔሪዮዴት፣ መካከል ልዩነቱ ያለው የግሉኮስ ቀለበቱ በየት በኩል ይነካል በሚለው ላይ ነው።

ቴምፖ የሚነካው 6ኛውን ካርቦን ነው። ቀለበቱ ሳይከፈት በዚያ ያለው የአልኮል ቡድን ወደ ካርቦክሲል (አሲዳዊ ቡድን) ይለወጣል። ሥራው የሚከናወነው በውኃ ውስጥ፣ ፒኤች 10 አካባቢ ሲሆን ዋናው ኦክሲዳይዝ አድራጊ በበረኪና ውስጥ የሚገኘው ሃይፖክሎራይት ነው። ቴምፖ ራሱ አቀላጣፊ (ካታሊስት) ስለሆነ ጥቂቱ ይበቃል። በካርቦክሲሎቹ ምክንያት አሉታዊ ቻርጅ የያዙት ክሮች እርስ በርስ ስለሚገፋፉ፣ ጥቂት ሲመቱ ከ3 እስከ 4 ናኖሜትር ስፋት ወዳላቸው ክሮች ይፈታታሉ። ከእነዚህ የሚሠራው ስስ ሽፋን ብርሃን ያሳልፋል፤ ደረቅ ሲሆን ኦክስጅንን አጥብቆ ይከለክላል። እርጥበት ግን ጠላቱ ነው።

ፔሪዮዴት ጨካኝ ነው። በ2ኛውና በ3ኛው ካርቦን መካከል ያለውን ትስስር በጥሶ ቀለበቱን ይከፍታል፤ በቦታውም ሁለት አልዲሃይዶች (በቀላሉ የሚዋሃዱ ቡድኖች) ይተካል። ብርሃን ፔሪዮዴትን ስለሚያበላሸው በጨለማ መሥራት ይመረጣል። የሴሉሎሱ የክሪስታል አደረጃጀት እየፈረሰ ሲሄድ ጥንካሬውም ይቀንሳል። በምትኩ አልዲሃይዶቹ ፕሮቲን ላይ ካሉ አሚኖች (ናይትሮጅን ካለባቸው ቡድኖች) ጋር ይጣበቃሉ።

ጠንካራ ሽፋን ለሚፈልግ ሰው ያለማመንታት ቴምፖን እመርጣለሁ፤ ፔሪዮዴትን የማነሣው ኢንዛይም ወይም ኮላጅን ለማያያዝ ብቻ ነው።