ከባክቴሪያ ወይስ ከሰው ሴል? ለሐዋሳ ቤተ ሙከራ ቲኤንኤፍ አልፋ ስንገዛ

ቲኤንኤፍ አልፋ (በሽታ ተከላካይ ሴሎች የሚያመነጩትና ብግነት የሚያስነሣ የመልእክት ፕሮቲን) ለማዘዝ ዋጋ ስትጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ይቀርብላችኋል። አንዱ ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ የተመረተ ነው፤ ሌላው ኤች ኢ ኬ 293 ከሚባለው የሰው ሴል የወጣ ነው። ሁለተኛው ይወደዳል። የብዙዎቻችን ጥያቄም ልዩነቱ ገንዘቡን ያወጣል ወይ የሚል ነው።

ፕሮቲኑ ያው ነው፤ 157 አሚኖ አሲድ፣ 17 ኪሎ ዳልተን ገደማ፣ ሦስት ሦስት ሆኖ ተጣምሮ የሚሠራ። ኢ. ኮላይ እንደ ሰው ሴል በፕሮቲን ላይ የስኳር ሰንሰለት አይጨምርም፤ የሰው ቲኤንኤፍ አልፋ ግን ያለ ስኳር ሰንሰለትም ስለሚሠራ ባክቴሪያ የሠራው በአቅም አያንስም። ኤል 929 በተባሉት የአይጥ ሴሎች ላይ የመግደል አቅሙን ለምትለኩ ከኢ. ኮላይ የወጣው ይበቃችኋል።

ነገሩ የሚለወጠው ማክሮፋጅ ወይም ሞኖሳይት በሚባሉት በሽታ ተከላካይ ሴሎች ላይ ስትጨምሩት ነው። ባክቴሪያ ኢንዶቶክሲን የሚባል ቅሪት ይተዋል፤ እነዚህ ሴሎች ደግሞ ለኢንዶቶክሲን እጅግ ንቁ ናቸው። ይህን የተማርኩት ከራሴ ሥራ ነው። ቲኤንኤፍ የጨመርንባቸው ማክሮፋጆቻችን ኢንተርሊዩኪን 6 የተባለውን ሌላ የብግነት መልእክተኛ በብዛት ሲያመነጩ ደስ ብሎን ነበር። ከዚያ ለማጣራት ያህል ያንኑ ፕሮቲን በ95 ዲግሪ አፍልቼ ጨመርኩት። ሙቀት ፕሮቲኑን ይገድላል፣ ኢንዶቶክሲኑን ግን አይነካውም። የኢንተርሊዩኪን 6 መጠን የሚያሳየው የመለኪያ ሳህኑ ቀለም ምንም አልቀነሰም። ለሳምንታት የለካነው የባክቴሪያ ቅሪት ኖሯል።

ስለዚህ ስሌቱን ቀድማችሁ ሥሩት። «በማይክሮግራም ከ1 ዩኒት (የኢንዶቶክሲን መለኪያ) በታች» የሚል ብልቃጥ ገዝታችሁ በሚሊ ሊትር 100 ናኖግራም ብትጠቀሙ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር እስከ 0.1 ዩኒት፣ ማለትም 10 ፒኮግራም ገደማ ኢንዶቶክሲን አብሮ ሊገባ ይችላል። ለሞኖሳይት ይህ ቀላል አይደለም። «ከ0.1 በታች» የሚለው አደጋውን በአሥር እጥፍ ይቀንሳል። የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ከኢ. ኮላይ የተመረተ፣ ኢንዶቶክሲኑ ግን በሚገባ የተወገደለት። ከሰው ሴል የወጣ ስለሆነ ብቻ ንጹሕ ነው ብላችሁ አትመኑ፤ የዚያም ቁጥር በምስክር ወረቀቱ ላይ መነበብ አለበት።

ፈሳሽ ወይስ ደረቅ ለሚለው ሐዋሳ ላይ ሆኜ አላመነታም፤ ደረቁን። ዕቃው ከቦሌ ጉምሩክ እስኪወጣ፣ ከዚያም 270 ኪሎ ሜትር አልፎ እስኪደርሰን በረዶው ይቀልጣል። ደረቁ ዱቄት ግን መንገዱን ይችለዋል። ብልቃጡ ሲመጣ ባዶ ይመስላል፤ 10 ማይክሮግራም ዱቄት ለዓይን የማይሞላ ስስ ጭጋግ ነው፤ ክዳኑ ሥርም ይደበቃል። ሳትከፍቱ በሴንትሪፊዩጅ አዙሩት። ከሟሟ በኋላ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ አስቀምጡ፤ መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ሲቀልጥና ሲረጋ ፕሮቲኑ ይዳከማል።

አልቡሚን የሚባል አጋዥ ፕሮቲን የተጨመረበት ቲኤንኤፍ፣ አልቡሚኑ ፕሮቲኑ በፕላስቲክ ላይ እንዳይጣበቅ ስለሚከላከል ለሴል ሥራ ይመረጣል። አልቡሚን የሌለበትን ፕሮቲኑን በቀለም ምልክት ለምታደርጉበት ወይም ሳህን ለምትለብጡበት ሥራ ብቻ ግዙ።

ከላይ ካልኩት የኤል 929 ልኬት ውጭ የአይጥ ሴል የምትጠቀሙ ደግሞ የአይጡን ቲኤንኤፍ እዘዙ። ቲኤንኤፍ ሴል ላይ የሚይዙት ሁለት ተቀባዮች አሉት፤ የሰው ቲኤንኤፍ ከአይጥ ሁለተኛ ተቀባይ ጋር አይጣመርም፤ ግማሹ መልስ ሳይታይ ይቀራል።