ከቸርችል ጎዳና የገዛሁት የዓለም ካርታ፦ ህትመቱ ጥሩ፣ ፍሬሙ ግን ጠርዝ የሚበላ

በቸርችል ጎዳና ከተደረደሩት የስጦታ ዕቃ መደብሮች በአንዱ፣ ጥንት በመዳብ ሰሌዳ የተቀረጹ ካርታዎችን ቅጂ በፍሬም አድርገው ይሸጣሉ። እኔ የወሰድኩት የኔዘርላንዱ ካርታ ሠሪ ዊለም ብላው በአምስተርዳም በ1606 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የዓለም ካርታ ነው። ህትመቱን ወድጄዋለሁ፤ ያጣላን ፍሬሙ ነው።

ይህን ካርታ ለመንገድ ማሳያ የሚገዛው የለም፤ ሰውን የሚስበው ጠርዙ ነው። ከላይ ጨረቃ፣ ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ፀሐይ፣ ማርስ፣ ጁፒተርና ሳተርን፣ የጥንቶቹ ሊቃውንት ከምድር ባላቸው ርቀት በሰጧቸው ተራ መሠረት፣ በሰው አምሳል ተቀርጸዋል። በግራ እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃና መሬት፣ በቀኝ አራቱ ወቅቶች፣ ከታች ደግሞ ሰባቱ የጥንቱ ዓለም ድንቆች አሉ። አራቱን ባሕርያት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለሚያውቅ ሰው የግራው ጠርዝ እምብዛም አስተርጓሚ አያሻውም። ከቀኙ ግን መጠንቀቅ ይገባል፤ መደብሩ ከጀርባ የለጠፈው ወረቀት «ሂየምስ» የሚለውን ላቲን «ክረምት» ብሎ ተርጉሞታል፤ ይሁንና ያ የአውሮፓ የብርድ ወቅት በአብዛኛው የሚገጥመው ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ከሚቆየው በጋችን ጋር እንጂ ከዝናቡ ክረምታችን ጋር አይደለም።

ቅጂው የዋናውን መጠን፣ 41 በ54 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ጠብቋል፤ ወረቀቱም አያብረቀርቅም። በመዳብ ቅርጽ ጥላ የሚወጣው በቀጫጭን መስመሮች መቀራረብ ስለሆነ በአጉሊ መነጽር አየሁት፤ የፕላኔቶቹ ፊት መስመር በመስመር ይለያል፣ ከታች በፒራሚዶቹ ጥላ ላይ ግን ቀለሙ ተያይዞ ጥቁር ሆኗል።

ፍሬሙን ላስረዳ። ከመስታወቱ ሥር የሚገባውን ነጭ ካርቶን አጥብበው ስለቆረጡት፣ በግራ እሳት ግማሽ አካሉን አጥቷል፣ በቀኝም ፀደይ ክንዷ ተሸፍኗል። ይዤ ስመለስ ወጣቱ ሠራተኛ «ጋሼ፣ ዳር ዳሩ እኮ ጌጥ ነው፤ ዋናው ካርታው አይደል?» አለኝ። የብራና መጽሐፎቻችንን ገጽ የሚያስጌጠውን ሐረግ እያየ ያደገ ሰው ይህን ማለቱ ገረመኝ። አስተካክለው ለመስጠት ሦስት ቀን ወሰዱ፤ የአዲሱንም ካርቶን ዋጋ አስከፈሉኝ፤ ይህ ተገቢ አልነበረም።

የብላው የአፍሪካ ካርታም አላቸው። የዚያኛው የጎን ሥዕሎች ተምሳሌት ሳይሆኑ የየአገሩ ሰው አለባበስ ናቸው፤ በቀኝ በኩል ከግብፃውያን ቀጥሎ «አቢሲኒ» ተብለን የተሣልነው እኛ ነን። ለማሳያ በተሰቀለው ላይ ያንኑ ካርቶን አስገብተው እኛንም ከትከሻችን ቆርጠውናል። ስለዚህ እሱን ያለ ፍሬም፣ አስጠቅልዬ ወሰድኩት።