ክላሲካል ጊታር፦ የእጅ ሥራ ወይስ የፋብሪካ?

ጅማ በርጩማን ከአንድ ግንድ የሚፈለፍሉ ባለሙያዎች ያሉባት ከተማ ናት። የእንጨት ጥበብ ለሚገባው የጅማ ሰው የትኛውን ጊታር ልግዛ የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው።

ርካሹ የፋብሪካ ጊታር ብዙ ጊዜ ፊቱ ኮምፔንሳቶ ነው። ድምፁ ትንሽ የታፈነ ነው፤ የክረምቱን እርጥበት ግን ይችለዋል። ለጀማሪ ይበቃል።

የእጅ ሥራው ሌላ ዓለም ነው። ሠሪው ስፕሩስ ወይም ሴዳር ከሚባል እንጨት የሆነውን የፊት ገበታ በመላጊያ እየላገ፣ በጣቱ እያንኳኳ ያዳምጣል። 2 ሚሊሜትር ገደማ እስኪደርስ ያሳሳዋል። ከሥሩ ቀጫጭን ዘንጎችን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ይለጥፋል። ይህን አሠራር ያጸናው ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ነው። በ1862 እ.ኤ.አ. ጀርባና ጎኑ ከካርቶን የሆነ ጊታር ሠርቶ፣ የድምፁ ምንጭ የፊት ገበታው መሆኑን አሳይቷል። እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው!

ችግሩ ሙሉ እንጨት እርጥበት ይጠጣል። በጅማ ክረምት ገበታው ያብጥና ክሩ ከፍ ይላል፤ በበጋ ይኮማተራል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። የእርጥበት መለኪያና ጠንካራ ሳጥን የግድ ነው። የአየሩ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ቢሆን ይመረጣል።

በየቀኑ ለሚለማመድና አቅሙ ላለው የእጅ ሥራውን እመርጣለሁ። ዶርም ውስጥ ለሚያስቀምጥ ተማሪ ግን የፋብሪካው ይሻላል።