የሚንቀሳቀስ የፍሰት ማሳያ ለመሥራት ላብቪው፣ ኖድ-ሬድ ወይስ ሲሙሊንክ?

በመራዊ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት በመስኖ እንዲያለማ የተሠራ ነው። ይህን የሚያህል የቦይና የበር መረብ የሚከታተል ሰው፣ ቁጥር ብቻ ከተደረደረበት ሠንጠረዥ ይልቅ ውኃው በየቦዩ ሲሄድ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ቢያገኝ የተዘጋውን በር ከተከፈተው ወዲያው ይለያል። እኔም ባሕር ዳር ሆኜ የእንዲህ ዓይነት መረብ አነስተኛ ማስመሰያ 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ሠርቼ ነበር፤ ቦዮቹ ሲበዙ ግን ሥዕሉ ይቆራረጥ፣ የማውሱ ቀስትም ይዘገይ ጀመር። ስለዚህ ሳጥኖችን በ«ሽቦ» (በስክሪን ላይ በሚሳል መስመር) በማያያዝ ፕሮግራም የሚሠራባቸውን ላብቪውን፣ ኖድ-ሬድንና ሲሙሊንክን በዋናነት የምመዝናቸው የሚንቀሳቀሰውን ሥዕል የሚስለው ማን እንደሆነና በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚስለው በመጠየቅ ነው።

ላብቪው እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ አንጋፋ ሶፍትዌር ሲሆን፣ የመለኪያ ካርዶችንና ሴንሰሮችን በማገናኘት ረገድ ከሦስቱ እሱን አስቀድማለሁ። በውስጡ ሁለት ዓይነት እንቅስቃሴ ስላለ ግን ገዢው ሊምታታበት አይገባም። አንደኛው የአምፖል ምልክቱ ሲጫን የሚጀምር ሲሆን ዳታው በሽቦዎቹ ላይ ሲጓዝ ያሳያል፤ ይህ ስሕተት ለመፈለግ የተዘጋጀ በመሆኑ ፕሮግራሙን እጅግ ያዘገየዋል፣ ፍተሻው ሲያበቃም መጥፋት አለበት። ሁለተኛው እኛው በፊት ፓኔሉ (ተጠቃሚው በሚያየው የፕሮግራሙ ገጽ) ላይ የምንሠራው የቦይና የቧንቧ ሥዕል ነው። የእያንዳንዱ ቁራጭ ቀለም በፕሮፐርቲ ኖድ (የሥዕልን ቀለምና መልክ በሚቀይር ሳጥን) የሚለወጥ ከሆነ፣ ለውጦቹ ሁሉ ስክሪኑን በሚያስተዳድረው አንድ የሥራ መስመር ላይ ተራ ይይዛሉ፤ 40 ቁራጭ በሰከንድ 10 ጊዜ ቢታደስ 400 ትእዛዝ ይሰለፋል ማለት ነው። ይህን ለማቅለል የመለካቱን ዑደት ከማሳየቱ ዑደት መለየት፣ የተለወጠውን ቁራጭ ብቻ ማደስ፣ ብዙ ለውጥ አንድ ላይ ሲመጣም ዲፈር ፓኔል አፕዴትስ በተባለው አማራጭ ስክሪኑን ለጊዜው አቁሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማሳየት ይቻላል። ለእኔ ከሁሉ የበለጠ የረዳኝ ግን ተደራርበው የነበሩትን ሥዕሎች ማለያየቴ ነው፤ አንዱ በታደሰ ቁጥር ከላዩና ከሥሩ ያለውም አብሮ እንደገና ይሳል ነበርና። የኮሚዩኒቲ እትሙ በነጻ ይገኛል፤ ሆኖም ለንግድ ሥራ ስለማይፈቀድ፣ ማሳያውን ሠርቶ ለደንበኛ ለመሸጥ ያሰበ ሰው የሚከፈልበትን ፈቃድ በሒሳቡ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል።

ኖድ-ሬድ አይ ቢ ኤም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 ተጀምሮ ዛሬ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ለንግድም ቢሆን ያለ ክፍያ የሚያገለግል ሶፍትዌር ነው። ዳታው በሽቦ ላይ ሲጓዝ ማየት የሚወድ ሰው ይህን በኖድ-ሬድ ማረሚያ ገጽ (ሳጥኖቹ በሚያያዙበት ገጽ) ላይ አያገኘውም። ለኦፕሬተር (መረቡን ለሚቆጣጠረው ሠራተኛ) የሚሆን ማሳያ ለመሥራት ግን አሠራሩ በእጅጉ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ሰርቨርና ሥዕሉን የሚስለው ብራውዘር የተለያዩ ናቸው። ሰርቨሩ «ሦስተኛው በር ተከፈተ» የሚል አንድ መልእክት ብቻ ይልካል፤ ከዚያ በኋላ ውኃውን የሚያስኬደው ብራውዘሩ ራሱ ስለሆነ፣ በሰከንድ 400 ትእዛዝ መላክ አያስፈልግም። ሴንሰሩ በጣም ፈጣን ከሆነም ዲሌይ የተባለው ኖድ (ሳጥን) መልእክቶቹን በሰከንድ ጥቂት ብቻ እንዲያሳልፍና የተረፉትን እንዲጥል ማድረግ ይቻላል። እዚህም ቢሆን ጥንቃቄ አይቀርም። በሲኤስኤስ (የድረ ገጽን መልክ በሚወስነው ቋንቋ) ትራንስፎርም በተባለው ትእዛዝ የሚንሸራተት የገጽ ክፍል በአብዛኛው በግራፊክስ ቺፑ ይሠራል፤ የተቆራረጠ መስመርን በዳሽ ኦፍሴት (የቁርጥራጮቹን መነሻ በሚያንሸራትት ቅንብር) ማስኬድ ግን ብራውዘሩ መስመሩን በየፍሬሙ እንደገና እንዲስል ስለሚያስገድደው፣ ቦዮቹ ሲበዙ ደካማ ስልክ ላይ ይከብዳል። ያለ ሥራ ተከፍተው የተተዉ የዲበግ ኖዶችም (መልእክቶችን ለፍተሻ የሚያሳዩ ሳጥኖች) ማረሚያ ገጹን ያንቀራፍፉታል።

ለአካባቢያችን ኖድ-ሬድን የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለኝ። አንዴ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት ሳይኖር በቢሮው ዋይፋይ ብቻ ይሠራል፤ ሰርቨሩም ራዝበሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ሊቀመጥ ስለሚችል፣ መብራት ሲጠፋ በአነስተኛ ባትሪ ይቆያል። ባትሪው ግን ቅንጦት አይደለም፤ መብራት በድንገት ሲቋረጥ የፓይዋ ሚሞሪ ካርድ ሊበላሽ ይችላል።

ሲሙሊንክ የሒሳብ ሞዴል ለማስላት የተሠራ ስለሆነ ለኦፕሬተር ማሳያ ብሎ መግዛትን አልመክርም። ማትላብ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር የግድ ይፈልጋል፤ የሁኔታ ለውጥን በእንቅስቃሴ የሚያሳየው ስቴትፍሎውም ለብቻው የሚገዛ ነው። በዩኒቨርሲቲ ፈቃድ በእጁ ያለ ሰው የስቴትፍሎውን አኒሜሽን አጥፍቶ በአክሰለሬተር ሞድ (ሞዴሉን በሚያፈጥን አማራጭ) ቢያስኬደው የፍጥነቱን ልዩነት በግልጽ ያያል።

አዲስ ላፕቶፕ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ለላብቪው የተለየ ግራፊክስ ካርድ ላይ ብር ከማውጣት ጠንካራ ፕሮሰሰር ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ለኖድ-ሬድ ደግሞ በብራውዘሩ ቅንብር ውስጥ ሃርድዌር አክሰለሬሽን (ሥዕሉን ለግራፊክስ ቺፑ የሚሰጠው አማራጭ) መከፈቱን በቅድሚያ ይመልከት። ከሁለቱም በፊት አሁን ባለው ማሽን ላይ ታስክ ማናጀርን ከፍቶ እንቅስቃሴውን ለአንድ ደቂቃ ያጥፋ። የፕሮሰሰሩ ጫና ካልወረደ ሥዕሉ ጥፋተኛ አይደለም፤ መፈተሽ ያለበት ዳታው የሚነበብበት ዑደት ነው፣ አዲስ ላፕቶፕም እሱን አያስተካክለውም።