ሱሉልታ ያሠራሁት ባለ ጽጌረዳ ማንቆርቆሪያ

ጀበና ቡና ለምንሸጥ ሰዎች የውሃ ዕቃ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቢጫው ጀሪካን ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ፊት ይገተራል። ቄጤማውን ጎዝጉዤ፣ ረከቦቱን አሳምሬ፣ እሱን ሳይ ያናድደኛል።

እህቴ በርሚንግሃም ነው የምትኖረው። ከተማው ውስጥ የድሮ የጀልባ ቦዮች አሉ። አንድ ቀን ጀልባ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ የውሃ ማንቆርቆሪያ ፎቶ ላከችልኝ። ከላይ እስከ ታች በጽጌረዳ የተሳለ ነው፤ መሀሉ ላይ የቤተ መንግሥት ግንብ አለ። ወዲያው ወደድኩት።

ነገሩ ታሪክ አለው። እንግሊዝ አገር ባቡር ሲመጣ በቦይ ዕቃ የሚያመላልሱት ጀልበኞች ገቢያቸው ቀነሰ። ብዙዎቹ የቤት ኪራይ ለመቆጠብ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ጀልባው ላይ መኖር ጀመሩ። መኖሪያዋ ክፍል ርዝመቷ 3 ሜትር፣ ስፋቷ 2 ሜትር ያህል ናት። ምግብ የሚበስለውም የሚተኛውም እዚያው ነው። በሩን፣ በርጩማውን፣ እጀታ ያለውን የመታጠቢያ ጣሳ፣ ሁሉንም በጽጌረዳና በግንብ አስጌጡት። ቧንቧ ስለሌለ የመጠጥ ውሃው በማንቆርቆሪያ ጣሪያ ላይ ይቀመጣል። ሎንግ በክቢ በምትባል የኖርዛምተንሽር መንደር አጠገብ፣ ቦዩ ዳር ይሸጥ ስለነበር እስከ ዛሬ «በክቢ ካን» ይሉታል።

ፎቶውን ይዤ ሱሉልታ ሄድኩ። ከአዲሱ ገበያ በታክሲ ነው። ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ከአንድ ብየዳ ቤት ጎን፣ ድሮ ታፔላ ይጽፉ የነበሩ ሰዓሊ አሉ። ታፔላው ሁሉ ወደ ፕሪንት ሲዞር እሳቸው ወደ ቤት ዕቃ ዞሩ። ረከቦት፣ ሳጥን፣ በርጩማ ይስላሉ። በርጩማ ላይ ግን መልአክም ቅዱስም አይስሉም። «የሚቀመጡበት ላይ? አይሆንም!» አሉ። ደግ አደረጉ።

ማንቆርቆሪያውን ብየዳ ቤቱ ከጋልቫናይዝድ ላሜራ ሠራው። ሰዓሊው በብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ አንቲረስት ቀቡት፣ ከዚያ ጥቁር አረንጓዴ መደብ። ጽጌረዳዋ ስትሳል አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አየሁ። መጀመሪያ ጥቁር ቀይ ክብ ያስቀምጣሉ። እሱ ሲደርቅ ብሩሹን ደማቅ ቀይ ነክረው አንድ ጊዜ ጫን፣ ጠምዘዝ፣ ላጥ። አንድ የአበባ ቅጠል ሆነ። ብሩሹ ሲያርፍ ቀለሙ ወፍራም ነው፣ ሲነሳ ይሳሳል፤ የአበባዋ እጥፋት የሚመጣው ከዚያ ነው።

«ጋሼ፣ ይቺኛዋ ትንሽ አልጠመመችም?» አልኳቸው።

«ተያት የኔ ልጅ። ከደገምኳት ትሞታለች።»

እውነታቸውን ነው። አሁን ሳያት ከሁሉም የምታምረው እሷ ናት። በእንግሊዞቹም ዘንድ የሙያው መለኪያ ይኸው በአንድ ምት የሚወጣ ቅጠል ነው።

ግንቡ ላይ ተከራከርን። ጀልበኞቹ የሚስሉት ግንብ ብዙውን ጊዜ ከሐሳብ የመጣ ነው። ውሃ አለ፣ ድልድይ አለ፣ ከኋላ ተራራ አለ። እኔ እንዳለ ይገልበጥ አልኩ። እሳቸው ግን «ውሃና ድልድይ ከሆነ የፈለግሽው እኛም አለን» ብለው የጎንደሩን የፋሲል መዋኛ ሳሉልኝ። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ የሚሞላው ማለት ነው። ፎቁ፣ ድልድዩ፣ የግንብ አጥሩን አንቀው የያዙት የዛፍ ሥሮች ሳይቀሩ አሉ። ሥሮቹን በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ነው ያወጧቸው። ደንበኞቼ ቡናቸውን ይዘው ጎንበስ ብለው የሚያዩት እነሱን ነው።

ቅሬታም አለኝ። ከተባለው ቀን በጣም ዘገየ፣ ስደውልም ስልክ አይነሳም ነበር። ክዳኑ የሚያርፍበት አፉ ዙሪያ ደግሞ ቀለሙ መላጥ ጀምሯል። ሳሳያቸው ያለ ክፍያ ሊያድሱልኝ ተስማምተዋል፤ ግን ከመጀመሪያው እዚያ ጋ ቀለም ባይቀባ ይሻል ነበር። እናንተ ስታዙ አፉ ባዶውን እንዲቀር ንገሯቸው።

የከፈልኩት ከነብየዳው 2,800 ብር ነው። ውድ ነው፤ ግን በእጅ የተሠራ ስለሆነ አልቆጨኝም። ቫርኒሹ ሁለት ጊዜ መቀባቱን ሳታረጋግጡ አትቀበሉ። ውስጡ ቀለም አይነካውም፣ እንዲነካውም አትፍቀዱ። ለንጹህ ውሃ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ጠላም ሆነ ሎሚ ያለበት መጠጥ ላሜራው ላይ ያለውን ዚንክ ይበላዋል። ከሰል አጠገብ አታስቀምጡት። ስታጥቡት በለስላሳ ጨርቅ ይሁን፤ በሽቦ ከፈተጋችሁት ሥዕሉ ይሄዳል። አሮጌ ባልዲ ወይም ትሪ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ የብየዳው ሒሳብ ይቀርላችኋል።