ህመሜን ሳትጠራጠር ስለ ስሜቴም ለጠየቀችኝ ባለሙያ ምስጋና

ይህን የምጽፈው አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያን ለማመስገንና ለሌላውም ለመጠቆም ነው። ስሟን በአደባባይ እንዳልጠራ ስለጠየቀችኝ እዚህ አልጠቅሰውም። በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን በፈቃዷ አድራሻዋን እሰጣለሁ።

ወገቤን ካመመኝ ቆይቷል። ራጅም ኤምአርአይም ተነሥቼ በዕድሜዬ ካለ ሰው የተለየ ነገር አልተገኘብኝም። ከዚያ በኋላ በሄድኩበት ሁሉ የምሰማው "ምንም የለብህም" የሚል ነበር። ለሰሚው የምሥራች ይመስላል፤ ጠዋት ጠዋት የአልጋውን ጠርዝ ይዞ እያቃሰተ ለሚነሣ ሰው ግን "ውሸትህን ነው" ከመባል አይለይም።

እሷም መጀመሪያ የመረመረችኝ ወገቤን ነው። አጎነበስኩ፣ እግሬን አነሣች፣ ጉልበቴን መታ መታ አደረገች፣ ሽንት መቆጣጠር አቅቶኝ ወይም በጭኖቼ መካከል ደንዝዞኝ እንደሆነ፣ ትኩሳትና የክብደት መቀነስ እንዳለኝ ጠየቀች። ቀጥላ ግን ያልጠበቅኩትን አመጣች፦ "እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ባለፉት 2 ሳምንታት ድሮ ደስ ይልዎ የነበረው ነገር አሁንም ደስ ይልዎታል?"

ቆጣ ብዬ "ያመመኝ እኮ ወገቤ ነው" አልኳት። "ህመምዎ እውነተኛ ነው፤ ይህን የምጠይቅዎ ምን እያባሰው እንደሆነ ለማወቅ ነው" አለችኝ። ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ለዚህች መልሷ ነው።

ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። የህመም መልእክት ከሰውነት ተነሥቶ በህብለ ሰረሰር በኩል ወደ አንጎል ይወጣል። አንጎል ደግሞ በተራው ወደ ታች መልእክት እየላከ የሚመጣውን ህመም ያበርዳል ወይም ያጎላል። ህመሙን እንደ ፍሬን በሚይዘው በዚህ መልእክት ላይ ከሚሠሩት ንጥረ ነገሮች መካከል ሴሮቶኒንና ኖርኤፒነፍሪን ይገኛሉ፤ ሁለቱም በስሜታችን ላይም ሥራ አላቸው። ስለዚህ ድባቴ (ዲፕሬሽን) ሲገባ ያው ህመም ሊበረታ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ከ3 ወር በላይ የቆየ ህመም እንቅልፍን፣ ሥራን፣ ከሰው ጋር መጫወትን እየነጠቀ ለድባቴ በር ይከፍታል። "የቱ ነው የቀደመው?" ብዬ ስጠይቃት ሳቀችና "ሁለቱንም ካከምናቸው ምን አስጨነቀዎ?" አለችኝ።

በኋላ እንዳነበብኩት እንደኔ ያለው ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ በ14 አገሮች የተካሄደ ጥናት፣ የድባቴ ምልክት ካሟሉ ከ1,100 በላይ ታካሚዎች 69 በመቶዎቹ ለሐኪም የነገሩት አካላዊ ሕመማቸውን ብቻ እንደነበር ያሳያል። ዓለም አቀፉ የህመም ጥናት ማኅበርም እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ህመምን ሲተረጉም የአካል ስሜትን ከመንፈስ ስሜት ጋር አብሮ ነው የሚጠራው።

ሌላው የወደድኩላት ከሙያዋ ወሰን አለማለፏ ነው። ስለ ድባቴ ምልክቶች ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉበትን ቅጽ አስሞላችኝ፤ ከነዚህ አንዱ ሞትን ስለመመኘት ነው፤ እሱንም ፊቴን እያየች በግልጽ ጠየቀችኝ። "ይህ ምልክቱን ለመለየት ያህል ነው እንጂ በሽታው አለብዎ ብሎ የሚወስን ምርመራ አይደለም" ብላ ደብዳቤ ጽፋ ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም ላከችኝ። ሐኪሙ ዱሎክሴቲን አዘዘልኝ፤ ለድባቴም፣ ለቆየ የወገብ ህመምም የሚሰጥ መድኃኒት ነው። መጀመሪያ ላይ አቅለሸለሸኝ፤ ለውጡም ሳምንታት ፈጀ። በነገራችን ላይ አሚትሪፕቲሊን የሚባለው የቆየ የድባቴ መድኃኒትም በትንሽ መጠን ለነርቭ ህመምና ማይግሬንን ለመከላከል ይታዘዛል። እንዲህ ያለ መድኃኒት የታዘዘበት ወረቀት ሲሰጣችሁ "አብዷል ብለውኝ ነው" ብላችሁ አትቅደዱት። ከሐኪም ሳትመክሩም አትጀምሩ፣ በድንገትም አታቁሙ።

ከእሷ ጋር የሠራነው ዋናው ሥራ መራመድ ነበር። ደህና በሆንኩበት ቀን የተጠራቀመውን ሥራ ሁሉ ልጨርስ እልና ከዚያ ለቀናት እተኛ ነበር። እሷ ግን የምራመደውን ደቂቃ አስቀድማ ወሰነችልኝ፤ ቢያመኝም ቢሻለኝም ያችኑ፣ ጭማሪውም በየሳምንቱ ጥቂት ብቻ። ይህ በመድኃኒቱ ልክ እንደጠቀመኝ አምናለሁ።

ህመሙ ጨርሶ አልጠፋም። ቀድሞ የተመለሰው እንቅልፌ ነው፣ ቀጥሎ የሰው ናፍቆቴ፤ ወገቤ የተሻለው ከሁሉ ዘግይቶ ነው።

ወደ እሷ መሄድ የማትችሉ፣ ሰውነታችሁን በእጁ መርምሮ እንቅልፋችሁንም የሚጠይቅ ባለሙያ ፈልጉ። ሽንት መቆጣጠር ያቃተው፣ እግሩ የዛለበት ወይም በጭኖቹ መካከል የደነዘዘው ሰው ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብም እንዲሁ።

እሷን ለምትፈልጉ፦ ታካሚ ይዛ ስልክ ስለማታነሣ የጽሑፍ መልእክት ተዉላት፤ ማታ ትመልሳለች።