ደሴ ላይ ሲቲ ስካን ለምታነሱ፦ አንዲት ራዲዮሎጂስት ልጠቁማችሁ

ደሴና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ይችን ጽሁፍ ለሚያስፈልገው ሰው አድርሱልኝ። ምስጋናም ጥቆማም ናት።

አባቴ ከሐይቅ ወጣ ካለች ቀበሌ ነው የሚኖረው። ቀኝ ጎኑን ይወጋው ጀመር፣ ደረቅ ሳል ያዘው፣ ማታ ማታ በላብ ይጠመቃል፣ ሱሪው ሁሉ ሰፋበት። አንድ ክሊኒክ ራጅ አንስተውት ሳንባው ውሃ ቋጥሯል፣ ሽፋኑም ወፍሯል አሉን። እስከዚህ ደህና ነበር። ፊልሙን የያዘው ሰውዬ ግን ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ አባቴ እየሰማ፣ «ይሄማ ካንሰር ነው፣ ባትደክሙ ይሻላል» ብሎን እብስ አለ። የክሊኒኩን ስም ተውት። ቤት ስንደርስ በሬው ይሸጥ፣ የለም ባህር ዛፉ ይሸጥ በሚል ዘመድ አዝማድ ተከራክሮ አመሸ።

ሲቲ ስካኑን ያነሳነው ደሴ ነው፣ የማመሰግናትንም ዶክተር ያገኘናት እዚያው ነው። በደም ስር የሚሰጠው ቀለም ከመወጋቱ በፊት የኩላሊት ምርመራ ውጤቱን አየች፣ የስኳር መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ጠየቀች። ሪፖርቱን በፖስታ ሰጥታ ልትሸኘን ትችል ነበር። እሷ ግን «አባባ አብሽሩ፣ ይምጡና ይዩት» ብላ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠችን።

ካንሰር የገባበት የሳንባ ሽፋን ብዙ ጊዜ ጎርበጥባጣ ነው፣ በችኮላ የተለጠፈ ምርጊት ይመስላል አለችን። ውፍረቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ፣ ሳንባውን ዙሪያውን ሲከበው፣ በልብ በኩል ያለውንም ሽፋን ሲይዘው ያኔ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የአባቴ ለስላሳ ነው፣ 1 ሴንቲ አይሞላም፣ በልብ በኩልም ደህና ነው። በጣቷ እየተከተለች ነው ያሳየችን፣ እኔ ፊደል የቆጠርኩት ብቻ ሳልሆን አባቴም ገብቶታል። አልሐምዱሊላህ ብለን ልንነሳ ስንል «ቆዩ» አለች። ምልክቶቹ ካሉ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል፣ አለመኖራቸው ግን ካንሰር የለም ማለት አይደለም፤ አንዱን ምልክት ብቻ ብትፈልጉት ካንሰር ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ላይ ላታገኙት ትችላላችሁ፣ ስለዚህ ናሙና ሳይወሰድ እኔ «ካንሰር ነው»ም «አይደለም»ም አልልም አለች። ለእኔ ይሄ ነው ሐኪም ማለት!

አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ በስልክ «ፔት ሲቲ የሚባል፣ ካንሰርን በምስሉ ላይ አብርቶ የሚያሳይ ምርመራ አለ፣ ውጭ እንላከው» ይለናል። ብንጠይቃት፣ እሱም ቲቢ ላይ ልክ እንደ ካንሰር ቦግ ሊል ይችላል፣ እኛ አገር ደግሞ ቲቢ ብዙ ነው፣ ገንዘባችሁን ያዙ አለችን። በሬው የተረፈው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ቦታውን አደንዝዛ፣ በአልትራሳውንድ እያየች፣ ከውሃውም ከሽፋኑም በመርፌ ናሙና ወሰደች። ላቦራቶሪው ቲቢ ነው አለ። መድኃኒቱ የ6 ወር ነው፣ መጀመሪያ 2 ወር አራት ዓይነት፣ ቀጥሎ 4 ወር ሁለት ዓይነት፣ በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ። አባቴ ሳሉ ለቆታል፣ እንጀራውን ያነሳል፣ ከጎረቤት ጋር መጨቃጨቁንም ጀምሯል። ዶክተርዬ፣ አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ፣ የአባቴ ዱዓ በየሶላቱ ላንቺ ነው።

ሳላስፈቅዳት ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ የት እንደምትሠራ እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ የድሮ ራጅ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከአዲሱ ጋር ታስተያየዋለች። ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውንም ተቀበሉ፣ ሌላ ሐኪም ቢጠይቃችሁ ድጋሚ ከመክፈል ትድናላችሁ። ወረፋው ግን ያስለቅሳል፣ እሱን አልዋሻችሁም። በጠዋት ሂዱ፣ ለሽማግሌም ጋቢ ያዙ፣ የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ።